ሕፃኑ ሲያለቅስ ሽሮፕ ከመፈለግዎ በፊት



ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ሶላት ሊያስረዝሙ አስበው ሳለ የሕፃን ለቅሶ ከሰሙ፣ ለእናቱ ጭንቀት አዝነው ያሳጥሩ እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። እኛስ? ብዙ ወላጅ ፋርማሲ መጥቶ «የሚያስተኛ ሽሮፕ ስጪኝ» ይላል። ፕሮሜታዚን ያለበት ሽሮፕ ከ2 ዓመት በታች ያለን ሕፃን ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

ለቅሶ እስከ 6ኛው ሳምንት ገደማ ይበረታል፤ ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ይቀንሳል። በርበሬ በረንዳ ውለው ሲገቡ መጀመሪያ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ልብስዎን ይቀይሩ። ከዚያ ይቀፉት፣ ጡት ይስጡት፣ ያስገሱት። ትዕግሥትዎ ካለቀ በጀርባው አስተኝተውት ጥቂት ደቂቃ ዞር ይበሉ፤ በፍጹም አይነቅንቁት፣ አንጎሉ ሊደማ ይችላል።

ከ3 ወር በታች ሆኖ ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ወይም ጡት እምቢ ካለ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት ይውሰዱት።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን።