የረገፈ ቅጠል ሥራ አለው

ከኮምቦልቻ በላይ ያለውን የየጎፍን ደን ስናደንቅ ወደ ላይ ነው የምናየው፤ ወደ ጥዱና ወደ ወይራው። የዛፍን ጥቅም ዘርዝሩ ብንባል ደግሞ አናጣውም፦ ጥላ፣ ማገዶ፣ ማገር፣ ለንብ አበባ፣ ንጹሕ አየር፤ ወይራ ሲሆን የጋንና የወተት ዕቃ ማጠኛም ነው። ይህን የወሎ ልጅ ሳይነግሩት ያውቃል። ደን ከሁሉ የሚበልጠውን ሥራውን የሚሠራው ግን መሬት ላይ፣ ረግፎ በተነጠፈው ቅጠል ነው።

ደሴ ከኮምቦልቻ በ600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ከደሴ በላይ ባለው በጦሳ ተራራ፣ በከተማዋ በኩል የጣለ ዝናብ ወደ ቦርከና ወንዝ ይወርዳል፤ ቦርከናም ኮምቦልቻን አልፎ በጨፋ ረግረግ በኩል ወደ አዋሽ ይሄዳል። እንዲህ ባለ ቁልቁለት ውሃው ረጋ ብሎ ወደ መሬት መስረጉ ወይም አፈር ጠርጎ መሮጡ የሁለቱም ከተሞች ጉዳይ ነው።

«ዛፍ ካለ አፈር አይሸረሸርም» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። ዝናቡ ቅጠል ላይ ሲያርፍ ይጠራቀምና ከሰማይ ከወረደው የተለቀ ጠብታ ይሆናል። ጠብታው 10 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ካለ ቅርንጫፍ ሲወድቅ ሊደርስበት ወደሚችለው ፍጥነት ይቃረባል። ከሥር ያለው መሬት የተራቆተ ከሆነ፣ ከሜዳ ዝናብ የባሰ ሊመታው ይችላል። የተመታው አፈር ይደቅቃል፤ ድቃቂው የመሬቱን ቀዳዳ ይደፍናል፤ መግቢያ ያጣው ውሃ ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል።

ቅጠል ከተነጠፈ ግን ጠብታው እዚያው ላይ ኃይሉን ያጣል። ከቅጠሉ ሥር ትልና ምስጥ አፈሩን ይቦረቡራሉ፤ የበሰበሱ ሥሮች መተላለፊያ ትተው ያልፋሉ። ውሃው በዚያ ሰርጎ ይቆይና ክረምቱ ካለፈ በኋላ ምንጭ ይመግባል። ቅጠሉም በስብሶ ዛፉን መልሶ ያበላል።

በጦሳ ወገብ በባሕር ዛፍ ሥር ቅጠል የሚጠርጉ እናት አግኝቼ፣ «እናቴ፣ ለመሬቱም ጥቂት ይተዉለት» ብላቸው፣ «ልጄ፣ እንጀራውን በምን ልጋግረው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ለእኚህ እናት ካልደረሰ ምክር ብቻውን አይረዳቸውም። የማዝነው ግቢያቸው ያለውን ዛፍ ሥሩን ሙልጭ አድርገው ጠርገው፣ ቅጠሉን ለንጽሕና ብለው በሚያቃጥሉት ነው። ያ ቆሻሻ አይደለም፤ የዛፉ ስንቅ ነው።

ቅጠል የሚረግፈው ዛፍ ሲኖር ነው፤ ችግኝ መትከል ደግሞ ለወሎ አዲስ አይደለም። ከ1966ቱ ረሃብ በኋላ በደርግ ዘመን ብዙ ተራራ ላይ በምግብ ለሥራ ፕሮግራም ዛፍ ተተክሏል፤ በ1983 የመንግሥት ለውጥ ጊዜ ግን በየአገሩ ብዙ ደን ተጨፈጨፈ። ከ2011 ወዲህ ደግሞ በአረንጓዴ አሻራ በየክረምቱ ይተከላል። የተተከለውን መቁጠር ጥሩ ነው። ነገር ግን ባዶ መሬት ላይ የቆመ ዛፍ ገና ደን አልሆነም፤ ከሥሩ ቅጠል፣ ሣርና ቁጥቋጦ ይፈልጋል። ስለዚህ የምትተክሉ ሁሉ አደራ፦ ከብቱን ከልክሉለት፣ ግቢያችሁ የረገፈውንም ቅጠል ቢያንስ ዝናቡ እስኪያልፍ አትጥረጉት። የወደቀውን ቅጠል ለወደቀበት መሬት ተዉለት።