ዕቃ ሲገዛ ዋጋው ብቻ ሳይሆን ቀለቡም ይጠየቅ
በኮዬ ፈጬ አዲስ ቤት ለሚያቀኑ ቤተ ሰቦች

በቅሎ ለመግዛት ገበያ የወጣ ዐዋቂ ሰው፥ ዋጋዋን ከመጠየቁ አስቀድሞ ጥርሷን አይቶ ዕድሜዋን፥ ሰኮናዋን አንሥቶ ጤንነቷን፥ ጥቂት አስኪዶም አረማመዷን ይመረምራል። ከዚህም በኋላ ጋጣው የሚበቃት፥ ገብሱና ድርቆሹም ከዓመት ዓመት የሚያደርሳት መሆኑን በልቡ ያሰላል። በቅሎ የምትገዛው አንድ ቀን ነው፤ የምትበላው ግን ዕለት ዕለት ነውና። ይህ የአባቶቻችን ጥንቃቄ፥ ዛሬ በሱቅ መስኮት የሚያብረቀርቀውን ዕቃ ሁሉ ለምንመኝ ለእኛ የተረሳ ይመስላል። የኤሌክትሪክ ምጣድም ሆነ የውኃ ማጠራቀሚያ፥ አውቶሞቢልም ቢሆን፥ እንደ በቅሎዋ ቀለብና ማደሪያ ይሻል። ዋጋውን የሚጠይቅ ሰው ብዙ ነው፤ ቀለቡን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን በኮዬ ፈጬ ያየነው ነገር ነው። ኮዬ ፈጬ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ የሚገኝ፥ ቀድሞ እርሻ የነበረ፥ ዛሬ ግን የጋራ መኖሪያ ፎቆች እንደ ደን የቆሙበት ሥፍራ ነው። ስሙም፥ ሰበታን፥ ቡራዩንና ሱሉልታን ከሌሎች አጎራባቾች ጋር አጣምሮ በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው በሸገር ከተማ፥ ለአንዱ ክፍለ ከተማ መጠሪያ ሆኗል። ከነዚህ ቤቶች ዕድለኞች ብዙዎቹ በ1997 ወይም በ2005 ዓ.ም. ተመዝግበው፥ ከየወር ገቢያቸው እየቀነሱ ሲቈጥቡ የኖሩ ናቸው። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ኮዬ ፈጬን ጨምሮ ከ51 ሺህ በላይ ለሆኑ ቤቶች ዕጣ በወጣ ጊዜ የነበረው ደስታም ክርክርም የሚረሳ አይደለም። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ቤት የተረከበ ሰው፥ ወለሉን ሲያነጥፍና ግድግዳውን ሲቀባ የተረፈችውን ጥቂት ገንዘብ በእጁ ይዞ ሳለ ነው ዕቃ ሻጭ ደጁን የሚያንኳኳው። በዚያን ሰዓት በስሕተት የወጣ ብር ተመልሶ እስኪቈጠብ ድረስ ዓመታት ያልፋሉ።

በአንድ ቅዳሜ ቀን በዚያው ሠፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወደሚኖሩ ወዳጆቻችን ቤት ተጠርተን ሄድን። የቤቱ እመቤት በኤሌክትሪክ ምጣድ ፊት ቆማ ፊቷን አኮሳትራ አገኘናት። እንጀራው ዐይን አላወጣም፤ ጠርዙ ደርቆ መኻሉ ተጣብቋል። ሊጡ በደንብ የቦካ፥ አብሲቱም በወጉ የተጣለ ነበር፤ ምጣዱም በጎመን ዘር ታሶ ነበር። ሆኖም አልሆነም። ያም ምጣድ ሁለተኛው መሆኑን፥ ፊተኛው እንዲሁ ቢያስቸግራት «የማይረባ ነው» ብላ ጥላ፥ ለልጆቿ የትምህርት ቤት ክፍያ ካስቀመጠችው ገንዘብ ላይ አንሥታ የተሻለ የተባለውን እንደ ገዛች በሐዘን ነገረችን። ሦስተኛ ምጣድ ለመግዛትም ታስብ ነበር።

በጎረቤት የሚኖሩ አንዲት ባልቴት ለቡና ተጠርተው መጥተው ነበርና ይህን ሰምተው «ልጄ ሆይ፥ ምጣዱን አትርገሚው፤ ዛሬ በዚህ ደረጃ ያለው ሰው ሁሉ ጥዷል። እስቲ ማክሰኞ ከወፍ ጩኸት በፊት ተነሥተሽ ሞክሪው» አሏት። እርሷም «እማማ፥ ሰዓቱ ምን ያደርገዋል?» ብላ ሳቀች። በሳምንቱ ግን የመጀመሪያው፥ ተጥሎ የነበረው ምጣድ ሳይቀር፥ ዐይናማ እንጀራ ማውጣቱን ላከችብን።

ባልቴቲቱ በልምድ ያወቁት ነገር በሂሳብም የተረጋገጠ ነው። ለቤት የሚመጣው ኤሌክትሪክ ግፊቱ 220 ቮልት እንዲሆን የታሰበ ነው። በአንድ መሥመር ላይ ያሉ ቤቶች ሁሉ በአንድ ሰዓት ምጣድ ሲጥዱ፥ በቀጭን ቧንቧ ላይ ብዙ ሰው ሲቀዳ ውኃው እንደሚደክም፥ ግፊቱ ይወርዳል። ግፊቱም ከ220 ወደ 180 ቢወርድ የጐደለው አምስት እጅ ሆኖ ቢከፈል አንዱ እጅ እንኳ አይሞላም፤ ከምጣዱ ሙቀት ግን ሲሶው ይጠፋል። የሙቀቱ ኃይል የሚለካው ግፊቱ በራሱ ተባዝቶ ስለ ሆነ ነው። ስለዚህ 3,750 ዋት የሚስበው ምጣድ 2,500 ዋት ያህል ብቻ ያገኛል። በዚህ ሙቀት ቡና ይፈላል እንጂ እንጀራ በወጉ አይጋገርም። ሦስተኛ ምጣድ ቢገዛም፥ አሥረኛ ቢገዛም፥ የሚበላው ከዚያው ገበታ ነውና ለውጥ አይኖረውም።

አንዳንድ ሻጮች ለዚህ መድኃኒት ነው ብለው ግፊት የሚያስተካክል ስታብላይዘር የሚባል ሣጥን ያቀርባሉ። ይህ ዕቃ ለማቀዝቀዣና ለቴሌቪዥን ይጠቅማል። ነገር ግን 1,000 ዋት ሊሸከም የተሠራው ትንሹ ሣጥን ምጣድ ቢያሸክሙት፥ በአህያ ላይ የግመል ጭነት እንደ መጫን ነው፤ ይቃጠላል። የሚሻለው መድኃኒት ገንዘብ የማይጠይቀው ነው፤ ይኸውም የአንድ ደረጃ ጎረቤቶች ተነጋግረው የመጋገሪያ ተራ ማድረግ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 ለባለ ቤቶች ማኅበር ሥፍራ ሰጥቷል። እንዲህ ያለው ማኅበር ስለ ጥበቃና ስለ ጽዳት ከሚመክረው ጋር ስለ ምጣድ ተራም ቢመክር የሚያስነቅፍ አይደለም። ምጣዱ የሚሰካበት ሽቦም ከ17 አምፔር በላይ የሚሸከም መሆኑን በባለሙያ ማስመርመር ይገባል። ቀጭን ሽቦ በውስጥ እየጋለ እሳት ያስነሣልና።

ቀለቡንም እንቍጠር። 3,750 ዋት የሚስብ ምጣድ ሁለት ሰዓት ሳይጠፋ ቢሠራ 7 ተኩል ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚጋገርበት ቤት፥ በወር ስምንት ጊዜ ሲሆን፥ 60 ኪሎዋት ሰዓት ለምጣድ ብቻ ያወጣል ማለት ነው። የመብራት ክፍያ ደግሞ የሚፈጁት ሲበዛ የእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ የሚልበት ደረጃ አለው። ዝቅተኛው ደረጃ እስከ 50 ድረስ ብቻ ስለ ሆነ፥ ምጣዱ ብቻውን ያሳልፈዋል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮም ታሪፉ በየሦስት ወሩ ለአራት ዓመት ከፍ እንዲል ተደርጓል። ይህ ማለት በኤሌክትሪክ አይጋገር ማለት አይደለም፤ እንጨትና ከሰልም ዋጋ አላቸው፥ ጢሳቸውም ዐይንንና ሳንባን ይጐዳል። ነገር ግን በሳምንት ሁለት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ከመጋገር፥ ምጣዱ አንድ ጊዜ ከጋለ በኋላ የሳምንቱን በአንድ ጊዜ ማውጣት፥ ለማሞቅ የሚጠፋውን ያድናል። አምፑልም ቢሆን 60 ዋት የሚፈጀውን አሮጌውን በ9 ዋቱ ኤልኢዲ የለወጠ ሰው፥ ማታ ማታ አምስት ሰዓት ቢያበራ፥ በወር 9 ኪሎዋት ሰዓት የነበረውን ወደ አንድ ተኩል ግድም ያወርደዋል። ከሁሉ ዕቃ በፊት ሊገዛ የሚገባው ይህ ትንሽ ዕቃ ነው እንላለን።

ከመብራት ቀጥሎ ሰውን የሚያስጨንቀው ውኃ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ሮቶ የሚባለውን ማጠራቀሚያ መግዛት አስተዋይነት ነው። ሆኖም አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ እንደሚመዝን ብዙ ሰው አያስብም። 1,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሲሞላ 10 ኩንታል ይመዝናል። በፎቅ በረንዳ ላይ 10 ኩንታል ጤፍ በአንድ ቦታ ልከምር ቢል ጎረቤቱ ሁሉ ይጮኽበታል፤ ሮቶውን ሲያቆም ግን ማንም አይናገረውም። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት ለያንዳንዱ ሰው በቀን 20 ሊትር ቢመድብ 100 ሊትር ይበቃዋል፤ ውኃው በሦስት ቀን የሚመጣ ከሆነ የሚያስፈልገው 300 ሊትር ነው። ይህም በሁለት በርሜል ተከፍሎ በተለያየ ሥፍራ ሊቀመጥ ይችላል። ትልቁን የፈለገ ከጎረቤቶቹ ጋር ተዋጥቶ በምድር ላይ ያቁም፤ ውኃ የሚገፋው ፓምፕም ያለ መብራት እንደማይሠራ አስቀድሞ ይወቅ።

ወደ ትልቁ ምኞት ወደ አውቶሞቢል እንምጣ። በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ ሲገባ ዳግማዊ ምኒልክ በመደነቅ እንደ ተቀመጡበት ይታወቃል። ነገር ግን ለዚያ አውቶሞቢል በከተማው ነዳጅ የሚሸጥበት ቤትና የተደላደለ መንገድ ገና አልነበረም፤ ማደሪያውና ቀለቡ የተሰናዳው ከዓመታት በኋላ ነው። ዛሬም ታሪኩ በሌላ መልክ ተመልሷል። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ስለዚህ አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው ስለ ኤሌክትሪኩ ማሰቡ አይቀርም።

አሳቡ በራሱ ክፉ አይደለም። ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ለ100 ኪሎሜትር 15 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከኮዬ ፈጬ ወደ ሥራ ሄዶ መመለሱ 50 ኪሎሜትር ነው ብንል፥ የቀን ቀለቡ 7 ተኩል ይሆናል፤ ይህም ከላይ የቈጠርነው የአንድ ጊዜ የእንጀራ መጋገሪያ ነው። 2,000 ዋት በሚሰጥ በተራ ሶኬት ቢሰካ በአራት ሰዓት ገደማ ይሞላል። እስከዚህ ድረስ ሻጩ የሚናገረው እውነት ነው። የማይናገረው ግን ማደሪያውን ነው። ቤትህ አራተኛ ፎቅ ሲሆን መኪናው በግቢ ያድራል፤ ሽቦውን በመስኮት ታወርዳለህን? ዝናብ ሲዘንብስ፥ ልጆች ሲጫወቱበትስ? በየትኛው ቈጣሪ ይከፈላል? ባትሪውም በዕድሜ ይደክማል፤ ለመኪናውም ውድ የሆነው ክፍል እርሱ ነው። እንግዲህ የራሱ ቈጣሪ በቆመበት አጠገብ የሚያሳድርበት ቦታ ያለው፥ የባትሪውንም ዋስትና በጽሑፍ የተቀበለ፥ መለዋወጫውንና ጠጋኙን በዐይኑ ያየ ሰው ቢገዛ አንከለክልም። ይህ የሌለው ግን ፈረስ ሳይኖረው ጋሪ እንደ ገዛ ይቈጠራል።

ሻጮች ገዢውን የሚያስቸኩሉበት ዋናው ቃል «ነገ ይወደዳል» የሚለው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ቃል ብዙ ጊዜ እውነት ሆኗል። ሆኖም ዋጋው ነገ የሚወጣ ዕቃ ዛሬ የማይሠራልህ ከሆነ፥ ያተረፍኸው ነገር የለም። ዕቃ የሚሸጠው በቴሌግራም፥ ገንዘቡ የሚላከው በስልክ በሆነበት በዚህ ዘመን ደግሞ ችኮላው በረታ። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌብር፥ ቀጥሎም በሌሎቹ ዘዴዎች ገንዘብ መላክ ቀሏል፤ ይህም ታላቅ ምቾት ነው። ነገር ግን ገንዘብ ሲሄድ በክንፍ፥ ሲመለስ በእግር መሆኑን አንርሳ። ዕቃውን በዐይንህ ሳታይ፥ ተሰክቶ ሲሠራ ሳትመለከት፥ ቀብድም ቢሆን አትላክ። ደረሰኝ መቀበልም የገዢ መብት መሆኑን በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ያውቀዋል። «ያለ ደረሰኝ ይቀነስልሃል» የሚል ሻጭ፥ የሚቀንስልህ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ነገ የምትከራከርበትንም ማስረጃ ነው።

ይህን ስንል ሥልጣኔን የምንፈራ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። እኛ ግን ጢስ ያልገባበት ማድ ቤትና በሌሊት የሚያነብ ልጅ ያለበት ቤት ወዳጆች ነን። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተሠራው የዓባይ ግድብ በተመረቀ ጊዜ እንደ ሁሉ ሰው ደስ ብሎናል። ነገር ግን በጉባ የሚመነጨው ኃይል እስከ ሦስተኛው ፎቅ ምጣድ ድረስ የሚሄድበት መሥመርና ሽቦ ሌላ ጉዳይ ነው። ጅረት ሙሉ ስለ ሆነ በቤት ያለው እንስራ ሞላ አይባልም።

ስለዚህ የቤት አባትም የቤት እመቤትም ቦርሳቸውን ከመክፈታቸው በፊት አራት ነገር ይጠይቁ። ይህ ዕቃ ምን ያህል ይበላል? በጀርባው የተጻፈውን የዋት ቍጥር ያንብቡ። የት ያድራል? ሥፍራውንና ሽቦውን ያስመርምሩ። ሲታመም ማን ያክመዋል? ጠጋኙን አስቀድመው ይወቁ። አራተኛውም፥ ያለው ዕቃ በእውነት ደክሟልን ወይስ ቀለቡ ተጓድሎበት ነው? የሚለው ነው። ድስት ተጥዶ ከማልቀስ አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ ይሻላል እንደሚባለው ነው።

የወዳጃችን ቤት ነገር ፍጻሜው እንዲህ ሆነ። የደረጃው ጎረቤቶች ተሰብስበው ተራ አወጡ፤ የእርሷ ቀን ማክሰኞና ዐርብ ንጋት ሆነ። ሁለተኛውን ምጣድ ለአዲስ ገቢ ጎረቤት በቅናሽ ሸጠችው፤ የጐደለውንም በሦስት ወር ቈጥባ የልጆቿን ክፍያ አሟላች። አሁን በቤቷ የሚጋገረው ሰነፍ ነው ተብሎ ተጥሎ በነበረው በፊተኛው ምጣድ ነው።