ፋይላችንን በማን ቤት አስቀመጥን?

ከእኛ ከተማሪዎች መካከል ዛሬ አንድም ፋይል ክላውድ ላይ ያላስቀመጠ ይገኛል ብለን አንገምትም። የመታወቂያችን ፎቶ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሰርተፊኬታችን፣ ግማሽ የደረሰው የመመረቂያ ጽሑፋችን፣ የቤተ ሰብ ፎቶግራፋችን ሁሉ ያለው ወይ ጉግል ድራይቭ ላይ ወይ ቴሌግራም ውስጥ ነው። ላፕቶፕ ይሰረቃል፣ ፍላሽ በቫይረስ ይበላሻል፤ ክላውዱ ግን አለ እያልን በሰላም እንተኛለን። እኛም እንዲሁ እንተኛ ነበር።

ባለፈው ሴሚስተር አምስት ሆነን ለአንድ ኮርስ የመስክ ጥናት ሠራን። በከተማው አሮጌ ሠፈሮች እየዞርን አዛውንቶችን አነጋገርን፤ ስለ ፈረሰው ቤታቸው፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ጎረቤቶቻቸው ያጫወቱንን ሁሉ በስልክ ቀዳን። አንዲት እናት ገና ከመጀመራቸው በፊት «ልጆቼ፣ ይህ ነገር ከእናንተ ሌላ ሰው ጆሮ አይገባም አይደል?» ብለው ጠየቁን። «አይገባም፣ እማማ» አልናቸው። ከዚያም ግቢ ተመልሰን ቅጂውን ሁሉ ከነስም ዝርዝሩ ጉግል ድራይቭ ላይ ጫንን፤ ለሥራ እንዲቀለን ሲባል ሊንኩ የደረሰው ሁሉ እንዲከፍተው ፈቅደን በክፍላችን የቴሌግራም ግሩፕ ለጠፍነው። ከሁለት ወር በኋላ ከሌላ ዲፓርትመንት የመጣ የማናውቀው ልጅ ካፍቴሪያ ውስጥ አግኝቶን «ቃለ መጠይቃችሁን ሰማሁት፤ በተለይ የአሮጊቷ ግሩም ነው» አለን። ሊያመሰግነን ነበር። እኛ ግን ምሳችን አልወርድ አለን።

ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው እንግዲህ አዋቂዎች ሆነን አይደለም። የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ነን። ከዚያ ቀን በኋላ የኮምፒዩተር ሳይንስ ጓደኞቻችንን እየጠየቅን፣ ያገኘነውንም እያነበብን የተረዳነውን ነው። ዓመታቱን የምንጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ለመሆኑ ክላውድ ምንድን ነው? ስሙ ደመና ማለት ቢሆንም ከሰማይ የተሰቀለ ነገር የለም። ክላውድ የሌላ ሰው ኮምፒዩተር ነው፤ ይኸውም በአንድ አገር፣ በአንድ ሕንፃ ውስጥ፣ መብራትና ማቀዝቀዣ እየተሰጠው የሚሠራ ማሽን ነው። ሕንፃ ደግሞ ይቃጠላል። መጋቢት 10 ቀን 2021 በፈረንሳይ አገር በስትራስቡርግ ከተማ ኦቪኤች የተባለው ኩባንያ ካሉት የሰርቨር ሕንፃዎች አንዱ በእሳት ወደመ፤ ሌላ ቦታ ቅጂ ያላስቀመጡ ደንበኞችም ፋይላቸውን አጡ። በመስከረም 2025 ደግሞ በደቡብ ኮሪያ በዴጆን ከተማ የመንግሥቱ የመረጃ ማእከል ሲቃጠል፣ የመንግሥት ሠራተኞች ሥራቸውን የሚያስቀምጡበት ጂ ድራይቭ የተባለው ማከማቻ 858 ቴራባይት ይዞ ጠፋ። ቅጂ አልነበረውም። በቴክኖሎጂ ስሟ የተጠራ አገር እንዲህ ከሆነች እኛ በአንድ ድራይቭ ላይ የምንተማመነው ምን ይዘን ነው?

ይሁን እንጂ ከእሳቱ ይልቅ እኛን ያሳሰበን የቁልፉ ነገር ነው። አገራችን የአደራን ነገር ታውቃለች፤ «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይባላል። ሰው ራቅ ወዳለ አገር ሲሄድ ሣጥኑን ቆልፎ ለጎረቤት ይሰጥና ቁልፉን በኪሱ ይዞ ይሄዳል። እኛ ግን ሣጥኑን ከነቁልፉ ነው የሰጠነው። ኩባንያዎቹ ፋይላችን ተመሥጥሯል ሲሉ አይዋሹም። ከስልካችን ወደ ሰርቨሩ ሲጓዝም፣ እዚያ ደርሶ ሲቀመጥም በምስጢር ጽሑፍ ተለውጦ ነው፤ መንገድ ላይ የጠለፈው ሰው ምንም አያነብበትም። ነገር ግን በጉግል ድራይቭም፣ በድሮፕቦክስም፣ በተለመደው የቴሌግራም መልእክትም ምስጢሩን የሚፈታው ቁልፍ የሚቀመጠው በኩባንያው ዘንድ ነው። ብዙዎቻችን «ሴቭድ ሜሴጅስ» ውስጥ ያለው ከእኛ በቀር ማንም የማይከፍተው ይመስለናል፤ አይደለም። በቴሌግራም ቁልፉ በሁለቱ ተነጋጋሪዎች እጅ ብቻ የሚቀረው «ሲክሬት ቻት» በሚባለው ውስጥ ነው።

እርግጥ ነው፣ ቁልፉ እነሱ ዘንድ መሆኑ ጥቅም አለው። የይለፍ ቃላችንን ብንረሳ መልሰው ያስገቡናል፤ የጠፋንን ፋይል በአንድ ቃል ፈልገው ያወጡልናል። ግን ቁልፍ ያለው ሊከፍት ይችላል፤ ክፈት ተብሎም ሊታዘዝ ይችላል። አሜሪካ በ2018 ባወጣችው ክላውድ አክት በተባለው ሕግ መሠረት የአሜሪካ ኩባንያ በሕጋዊ መንገድ ሲታዘዝ በእጁ ያለውን ፋይል፣ ሰርቨሩ በሌላ አገር ቢሆንም፣ ማስረከብ አለበት።

በ2021 በሳን ፍራንሲስኮ የደረሰውን ደግሞ እንመልከት። አንድ አባት ትንሽ ልጁ ሰውነቱ ሲያብጥበት ለሐኪም ለማሳየት ፎቶ አነሣ። ፎቶው በራሱ ጊዜ ወደ ጉግል ክላውድ ሄደ፤ የሕፃናትን ጥቃት የሚፈልገው ማሽን ወንጀል ነው ብሎ ያዘው፤ የሰውየው አካውንት ተዘጋ፤ ለፖሊስም ተነገረ። ፖሊስ መርምሮ ወንጀል የለም አለ። አካውንቱ ግን አልተመለሰለትም፤ የዓመታት ደብዳቤውና የልጁ ፎቶዎች ሁሉ አብረው ቀሩ። በሕፃናት ላይ የሚፈጸመውን ግፍ ማደን የሚነቀፍ ነው አንልም፤ መታደን አለበት። የምንለው፣ ሣጥናችን እንደሚከፈትና ፍርዱም ይግባኝ እምብዛም እንደሌለው ተማሪው ይወቀው ነው።

ስለ ሌቦች ብዙ ሊጻፍ ይቻላል፤ እኛ ጥቂት እንበል። በሰኔ 2011 ድሮፕቦክስ በሠራው ስሕተት ምክንያት ለአራት ሰዓት ያህል የማንኛውም ሰው አካውንት በማንኛውም የይለፍ ቃል ይከፈት ነበር። በ2012 ደግሞ አንድ ሠራተኛው በሌላ ቦታ የተሰረቀ የይለፍ ቃሉን ለሥራውም ይጠቀምበት ስለነበር ሌቦች ገቡ፤ የተወሰደው ከ68 ሚሊዮን በላይ የሆኑ ሰዎች አድራሻና የተመሠጠረ የይለፍ ቃል መሆኑ የታወቀው በ2016 ነው። በ2014 የታዋቂ ሰዎች ፎቶ ከአይክላውድ ወጥቶ ዓለም ሲያየውም ሌቦቹ የኩባንያውን ግንብ አልናዱም፤ የኩባንያውን ስም ለብሰው በላኩት የሐሰት ኢሜል ባለቤቶቹን አታልለው የይለፍ ቃላቸውን ተቀበሉ። እኛ ጋ ሲመጣ ደግሞ ይኼም ድካም አያስፈልግም። ኢንተርኔት ካፌ ገብተን ፎርም ሞልተን አካውንታችንን ሳንዘጋ እንወጣለን። የቴሌግራም መግቢያ ኮድ በስልክ ቁጥራችን ስለሚመጣ ሲም ካርዳችንን ያገኘ ሰው ሊገባበት ይችላል፤ ተጨማሪ የይለፍ ቃል ማድረጊያው እዚያው ሴቲንግ ውስጥ ሳለ ያበራነው ስንቶቻችን ነን? ከአምስታችን አንድ ብቻ ነበር።

ቁልፉን በራስ እጅ ማስቀረት ግን ይቻላል። ክሪፕቶማተር የሚባል ለኮምፒዩተር በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም አለ፤ ፋይሉ ወደ ድራይቭ ከመሄዱ በፊት እዚሁ ላፕቶፓችን ላይ ይመሠጥረዋል፤ ጉግል የሚያየው ትርጉም የሌለው ነገር ብቻ ይሆናል። ዋጋው ይህ ነው፤ የይለፍ ቃሉን የረሳ የሚያለቅስበት ኩባንያ የለውም። አፕልም ከታኅሣሥ 2022 ጀምሮ ፈቃደኛ ለሆነ ደንበኛ ይህንኑ አሠራር ለአብዛኛው የአይክላውድ ፋይል ሰጥቷል፤ በየካቲት 2025 ግን በብሪታንያ መንግሥት ግፊት ምክንያት እዚያ አገር ለአዲስ ተጠቃሚዎች መስጠቱን አቁሟል። መንግሥታት ስለዚች ቁልፍ ይህን ያህል የሚከራከሩ ከሆነ ዋጋዋ ትንሽ አይደለም።

በአገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ይህ ቁጥር በእኛው ዘመን አቆጣጠር ነው። የሰውን ጉዳይ የሚሰበስብ ሰው የባለቤቱን ፈቃድ ወይም ሌላ ሕጋዊ ምክንያት ሊኖረው እንደሚገባ ይናገራል። ስናነበው ስለ ባንኮችና ስለ ትላልቅ መሥሪያ ቤቶች ብቻ የተጻፈ መስሎን ነበር። የራሳችን ፎቶ ቢወጣ ኀፍረቱ የራሳችን ነው፤ የእነዚያ አዛውንቶች ድምፅ ግን የእኛ ንብረት አልነበረም።

አሁን ሊንኩን ዘግተን የአምስታችንን ኢሜል ብቻ አስገባን። ከፋይሎቹ ላይ ስም አንሥተን ቁጥር ሰጠን፤ የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ የሚናገረው ዝርዝር በደብተር ላይ በእጅ ተጽፎ በአንዷ ጓደኛችን ሎከር ተቆልፎበታል። ድምፁን በክሪፕቶማተር ከትተን ሁለተኛ ቅጂ በሃርድ ዲስክ አስቀመጥን። ሊንኩ ክፍት በነበረባቸው ሁለት ወራት ማን ምን እንዳወረደ ግን ድራይቩ አይነግረንም፤ የወረደውንም መመለስ አይቻልም።

ሁለታችን ወደ እማማ ቤት ሄደን የሆነውን ነገርናቸው። ቡናውን እየቀዱ ዝም ብለው ሰሙን። ከዚያ «ስንት ሰው ሰማው?» አሉን። ግሩፑ ውስጥ መቶ ሰባ ሰው እንዳለ ነገርናቸው። ስኒውን አቀበሉንና «የልጄን ነገር የተናገርኩበትን አጥፉልኝ» አሉ። እዚያው ፊታቸው አጠፋነው።