ጠያቂዋ

በአማርኛ «መጠየቅ» ሁለት ሥራ አለው። አንዱ መልስ መሻት ነው። ሌላው የሰው ቤት ሄዶ ደኅንነቱን ማየት ነው፤ አራስ ይጠየቃል፣ ታማሚ ይጠየቃል፣ እስረኛም ይጠየቃል። ከዳባትና ከደባርቅ ከተሞች ርቀው ባሉ የደጋ ቀበሌዎች መዝገቧን ይዛ በእግሯ የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሁለቱንም ጥየቃ በአንድ ጊዜ ታካሂዳለች። የሥራዋ ክብደትም እዚያ ላይ ነው።

ፕሮግራሙ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። በአንድ ቀበሌ ሁለት ሴቶች ይመደባሉ፤ አብዛኞቹ ከዚያው አካባቢ ተመልምለው አንድ ዓመት የሠለጠኑ ናቸው። ሁለቱ ከ3,000 እስከ 5,000 ለሚሆን ሰው ይደርሳሉ ተብሎ ይታሰባል። ሲነደፍ ከሥራ ጊዜያቸው 75 በመቶው ቤት ለቤት በመዞር እንዲያልፍ ነበር። በወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ በዚያው አካባቢ ባለው በጃናሞራ ወረዳ ግን ከአንዱ ጎጆ ወደ ሌላው ለመድረስ ገደል ወርዶ ገደል መውጣት አለ።

የጤና ባለሙያን ወደ ገጠር የማውጣት ሐሳብ ለጎንደር እንግዳ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒቴሪያኖችን በቡድን እያሠለጠነ ወደ ገጠር ያወጣ ነበር።

ጠያቂዋ ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምታየው የሕፃኑን ሰውነት ነው፤ ክትባቱን፣ ጡት መጥባቱን፣ የክንዱን ዙሪያ። መለኪያው ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ካመለከተ ሕፃኑ በከባድ የምግብ እጥረት ውስጥ ነው። አስተዳደጉ ላይ የሚያተኩረው ምክር ከዚህ በኋላ ይመጣል፣ ዘዴውም ይለያል። ጠያቂዋ ሕፃኑን ራሷ አታጫውተውም። እናቱ ስታጫውተው ታያለች፤ ሲስቅላት ስትመልስለት «አየሽ፣ አወቀሽ» ትላታለች። መጫወቻው ከቤት አይጠፋም። ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ባቄላ ጨምሮ ክዳኑን ማጥበቅ ይበቃል። እናት ጥጥ ስትፈትልም፣ ቡና ስትቆላም ከልጅዋ ጋር ማውራት ትችላለች።

ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን አይደለም። በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዕድገታቸው የተጎዳ ሕፃናት ቤት በየሳምንቱ ለአንድ ሰዓት እየተሄደ፣ በቤት በተሠራ መጫወቻ እናቶችን የማለማመድ ሥራ ለሁለት ዓመት ተሠርቶ ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ የእነዚያ ልጆች ገቢ ካልተጎበኙት አቻዎቻቸው በ25 በመቶ በልጦ ተገኘ። በኒውዮርክ ግዛት በኤልማይራ ደግሞ ነርሶች ከእርግዝና ጀምሮ በጎበኟቸው ቤተሰቦች ዘንድ፣ ከ15 ዓመት በኋላ ሲታይ፣ የተረጋገጠ የልጅ በደልና ቸልታ በግማሽ ገደማ ቀንሶ ነበር።

«ቸልታ» የሚለው ቃል ለደጋው እናት ይከብደኛል። ውኃ ወርዳ የምትቀዳ፣ እንጨትና ኩበት የምትለቅም፣ እርሻ የምትውል ሴት፣ ልጇን ችላ አላለችም፤ እጅ አጥሯታል። ስለዚህ አባት በሌለበት የሚሰጥ ምክር ግማሽ ምክር ነው። ጎህ ሲቀድ በሬውን ጠምዶ የሚወጣውን ሰው ማግኘት ግን ለጠያቂዋ ቀላል አይደለም፤ በበዓል ቀን ካልሆነ።

ሌላው ችግር መዝገቡ ነው። ቡና ተፈልቶላት የተቀመጠች እንግዳ መጻፍ ስትጀምር ቤቱ ይለወጣል፤ ሰው እውነቱን ትቶ ደስ የሚላትን ይነግራታል። የ96 ሰዓት ሥልጠና ጨርሶ «ሞዴል ቤተሰብ» ለመባል ሽንት ቤት ተቆፍሮ ይታያል፤ ልጅን ቀና ብሎ ማናገር ግን በምን ይቆጠራል? በዚያ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ጥየቃውም ይቆማል።

ጎረቤት ግን ይጠያየቃል። አራስ ቤት ገንፎ ይገነፋል፣ ልምድ ያላት እናት ሕፃኑን ታቅፋ ታያለች፤ ጥሩ ጠያቂ ይህን ወግ ሳታፈርስ ትገባበታለች።

አንዳንድ ቀን እናት ቤት የለችም። ወንድሟን በአንቀልባ ያዘለች የስምንት ዓመት ልጅ በሩ ላይ ቆማ «እማዬ ውኃ ወርዳለች» ትላለች። ጠያቂዋም «እሺ፣ ሌላ ቀን እመጣለሁ» ብላ ትመለሳለች። እኔ ብሆን የዚያን ቀን ምክሩን ለልጅቷ እነግራት ነበር። ሕፃኑ ጋር የምትውለው እሷ ናት።