የደራና የፎገራ ቀደምት ቤተ ሰቦች በምን ይታወቃሉ?

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ወረታ የሚሄድ መንገደኛ ሐሙሲትን ያልፋል። ከተማዪቱ፣ ስሟ እንደሚናገረው፣ የሐሙስ ገበያ ናት፤ እንደ እርሷ በገበያ ቀን የተሰየሙ ከተሞች በአገራችን ብዙ ናቸው። በእንዲህ ያለ ገበያ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ጨዋታ ሲጀምሩ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «የማን ልጅ ነህ? አገርህስ ወዴት ነው?» የሚል ነው። ተጠያቂው አባቱን፣ አያቱን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያለውን ይቈጥራል። ይህ ቈጠራ ለታሪክ ተማሪ ምን ይጠቅመዋል? ምን ያህልስ ይታመናል? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ነው።

«አገሩ» ስንል በጣና ሐይቅ ምሥራቅ ዳር ያለውን፣ ዛሬ ደራና ፎገራ ወረዳዎች የሚባለውን፣ ቀድሞ በበጌምድር ውስጥ የነበረውን ስፍራ ማለታችን ነው። ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ከምሥራቁ ደጋ ወርደው ሜዳውን አቋርጠው ወደ ጣና ይገባሉ። ክረምት ሲበረታ ሁለቱም ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰውን የጎርፍ አደጋ ብዙ ሰው ያስታውሰዋል። ስለዚህ ሜዳው ለረጅም ዘመን ለግጦሽ እጅግ የተመቸ ነበር፤ በስሙ የሚጠራው የፎገራ ከብትም የታወቀው በዚሁ ሣር ላይ ነው። ከዚህ ተነሥተን ስንገምት፣ የቀደምት ሰፋሪዎች መኖሪያ የሚፈለገው በሜዳው መካከል ሳይሆን በተራራው እግር፣ ከፍ ባለውም ስፍራ፣ እንዲሁም በሐይቁ ዳር ባሉት ገዳማት አጠገብ ነው።

በሌላው ዓለም ይህን የመሰለ ጥናት የሚሠራው መዝገብ በመግለጥ ነው። በእንግሊዝ አገር ከ1538 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን በመዝገብ እንዲጽፉ ታዝዞ ነበር። በአሜሪካም ከ1790 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየ10 ዓመቱ ሕዝብ ስለሚቈጠር፣ የደቡቡን የባሕር ዳር አውራጃዎች ቀደምት ቤተ ሰቦች የሚፈልግ ሰው የቤተ ሰቡን ስም ይዞ ቅጠሉን ይገልጣል። በእኛ ዘንድ ግን ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ የቤተ ሰብ ስም የለም። የአባት ስም ለልጁ ሁለተኛ ስም ይሆናል፤ ለልጅ ልጁ ሦስተኛ ሆኖ ከተጠራ በኋላ ከዚያ ይወድቃል። ይህም ሳይበቃ አንዱ ሰው ብዙ ስም አለው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው በፊት ካሣ፣ በፈረስ ስማቸውም አባ ታጠቅ እንደተባሉ የታወቀ ነው። ተራው ሰው የዙፋንና የፈረስ ስም ባይኖረው እንኳ የክርስትና ስም አለው፤ በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ የተጻፈው ስሙ ይኸው ሊሆን ስለሚችል፣ ጎረቤቱ የሚያውቀው ሰውና በብራና ላይ ያለው ሰው አንድ መሆናቸውን ለማረጋገጥ ሌላ ምስክር ያስፈልጋል።

ታዲያ የቤተ ሰብ ስም በሌለበት አገር የትውልድ ሐረግ እንዴት ሊጠበቅ ቻለ? መልሱ መሬት ነው። ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይወረስ ስለነበር፣ አንድ ሰው በአንድ ስፍራ ድርሻ ለመጠየቅ ከቦታው አቅኚ አባት መወለዱን በቃል ቈጥሮ ማስረዳት ነበረበት። የዚህን አሠራር ሥርዓት አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር በጎጃም በደጋ ዳሞት አጥንቶ በ1973 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አውጥቶታል። እርሱ እንዳሳየው፣ በሁለቱም ወገን መውረስ ስለሚቻል ማንኛውም ሰው የብዙ አቅኚ አባቶች ተወላጅ ነው፤ በተግባር ግን የሚቈጥረው ሊከራከርበት የሚችለውን ሐረግ ብቻ ነው። ጥናቱ የተደረገው ከዓባይ ማዶ ቢሆንም፣ በበጌምድርም ርስት በዘር ቈጠራ ይጠየቅ ስለነበር ነገሩ ለእኛም ይሠራል።

የጽሑፋችን ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። የሰማነው ሐረግ ለታሪክ ተብሎ የተጠበቀ ሳይሆን ለክርክር የተሰናዳ ማስረጃ ነው። እንዲህ በመሆኑ ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛ፣ በዳኛ ፊት ተቃዋሚ ስላለ በፍጹም ውሸት መቈም አይችልም፤ ይህ ብርታቱ ነው። ሁለተኛ፣ መሬት የማያስገኘው ዘመድ ይጣላል፤ መካከል ላይ ያሉ ስሞችም ይዘለላሉ። ለምሳሌ አንድ ሽማግሌ 10 ስም ቈጥረው ዐሥረኛው አባታቸው በንጉሥ ላሊበላ ዘመን ከላስታ መጥቶ እንደሰፈረ ቢነግሩን፣ ለአንድ ትውልድ 30 ዓመት ብንሰጥ 10 ትውልድ 300 ዓመት ብቻ ነው። ላሊበላ የነገሠው ከ800 ዓመት ገደማ በፊት ስለሆነ፣ ከ26 ያላነሰ ስም በተገባ ነበር። እንግዲህ ይህ ማለት ሽማግሌው ዋሹ ማለት አይደለም። አቅኚው አባትና የቅርቦቹ አያቶች ለክርክሩ ስለሚያስፈልጉ ተጠብቀዋል፤ በመካከል ያሉት ግን ማንም ስላልጠየቃቸው ተረስተዋል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወይም አራት ስሞች እንደ ታሪክ፣ የመጨረሻውን ስም እንደ ትውፊት፣ መካከሉን ደግሞ እንደ ጐደለ ድልድይ መቀበል የሚሻል ይመስለናል።

የጐደለውን ለመሙላት የጽሑፍ ምንጭ ይፈለጋል፤ በዚህ ረገድ የጣና ምሥራቅ ዳር ከብዙ አገር ይልቅ ዕድለኛ ነው። ከሁሉ በፊት የምንጠቅሰው የቅድስት ወለተ ጴጥሮስን ገድል ነው። ወለተ ጴጥሮስ በ1592 እ.ኤ.አ. ተወልዳ በ1642 እ.ኤ.አ. ዐርፋለች፤ ገድሏን ገላውዴዎስ የተባለ መነኵሴ በ1672 እ.ኤ.አ. ጽፎታል። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት በተቀበሉ ጊዜ ባሏን ትታ መንና፣ ተከታዮቿን ይዛ በሐይቁ ዙሪያ ማኅበራት መሠረተች፤ በደራ በሐይቁ ዳር የምትገኘው ቆራጣም የእርሷ ቦታ ሆና ቈየች። ለእኛ ጕዳይ ግን ከተአምሩ ይልቅ አንዲት አጭር ነገር ትበልጥብናለች። ገድሉ የወላጆቿን ዘር ሲናገር ከደዋሮና ከፈጠጋር መኳንንት ወገን ያደርጋቸዋል። ደዋሮና ፈጠጋር በደቡብ ምሥራቅ የነበሩ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነትና የሕዝብ ፍልሰት ከመንግሥቱ እጅ የወጡ ግዛቶች ናቸው። እንግዲህ በአገሩ እጅግ የከበረችው ሴት ቤተ ሰብ እንኳ ዘሩን የሚቈጥረው ከሩቅ አገር መኳንንት ነው ማለት ነው። «እኛ ከጥንት ጀምሮ የዚሁ ነን» የሚለው አነጋገር በሚሰማበት ሁሉ ይህን ማስታወስ ይገባል።

ገድሉ ሌላም ነገር ያስተምረናል። ከእርሷ በኋላ ማኅበሩን የመራችው የሥጋ ዘመዷ ሳትሆን የምንኵስና ጓደኛዋ እኅተ ክርስቶስ ነበረች። የገዳም ትውልድ በልደት ሳይሆን በሹመት ይቀጥላል፤ ስለዚህ በሐይቁ ዳር ካሉት ነባር «ቤቶች» አንዳንዶቹ ከነጭራሹ ቤተ ሰብ አይደሉም።

ሁለተኛው ምንጭ በወንጌልና በሌሎች የብራና መጻሕፍት ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ የተጻፈው የመሬት ስጦታ፣ ሽያጭና ኑዛዜ ነው። ዶናልድ ክራሚ የጎንደርን ዘመን ሰነዶች ሰብስቦ ሲመረምር፣ ሴቶች መሬት ሲሸጡ፣ ሲገዙና ሲያወርሱ አግኝቷል። ይህም በቃል የሚቈጠረውን ሐረግ ለማረም ይጠቅማል፤ ሰው ሲቈጥር ወደ ወንዶቹ ያደላልና። ከሻጭና ከገዢ ሌላ ዳኛው፣ ዋሱና ምስክሩ ስለሚጻፉ አንዲት አጭር ሰነድ ብዙ ጎረቤቶችን በአንድ ቀን አቁማ ታሳየናለች። ሦስተኛው የግብር መዝገብ ነው፤ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የተጻፉ የግብር ሰነዶች በ1978 እ.ኤ.አ. ታትመዋል።

ስለ ፖርቱጋሎች ጥቂት እንበል፤ ጥያቄው ሁልጊዜ ይነሣልና። በ1541 እ.ኤ.አ. ከክሪስቶፎሮ ዳ ጋማ ጋር 400 ያህል ወታደሮች ገቡ፤ በ1543 እ.ኤ.አ. ከጣና በስተምሥራቅ በወይና ደጋ ግራኝ አሕመድ ከተገደለ በኋላ ከተረፉት ብዙዎቹ በአገሩ ቀርተው አገቡ፣ መሬትም ተሰጣቸው። ልጆች እንደወለዱ አያጠራጥርም። ነገር ግን ዛሬ አንድን ቀላ ያለ ሰው በመልኩ ብቻ የፖርቱጋል ዘር ማድረግ ጨዋታ እንጂ ጥናት አይደለም።

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ ባለርስቱ ነው። መሬት ያልነበረው ሰው ሐረጉን የሚቈጥርበት ዳኛ አልነበረውም፤ ስለዚህ በምንሰማው ታሪክ ውስጥ እንደሌለ ሆኖ ይቀራል። ወይጦዎች በጣና ዙሪያ ጉማሬ እያደኑ፣ የደንገል ታንኳ እየሠሩ የኖሩ ሕዝብ ናቸው፤ ጎረቤቶቻቸው የጉማሬን ሥጋ በመብላታቸው ይርቋቸው ነበር። የቀድሞ ቋንቋቸው ጠፍቶ አማርኛ ብቻ ይናገራሉ። ብዙ ሰው ከሐይቁ ቀደምት ነዋሪዎች ይቈጥራቸዋል፤ የአቅኚ አባት ስም ግን ከእነርሱ ወገን ሲጠራ አይሰማም። (የጉማራ ወንዝ ስም ከጉማሬ ጋር መመሳሰሉን አንባቢ ልብ ይል ይሆናል፤ ከመመሳሰል ብቻ ግን ታሪክ አይሠራም።) እንደዚሁም በይፋግ ገበያ አካባቢ በደሪጣ ይኖሩ የነበሩት ሙስሊም ነጋዴዎች፣ በጎንደር ዙሪያም የነበሩት ቤተ እስራኤል አንጥረኞችና ሸክላ ሠሪዎች ርስት ተነፍገው ስለነበር በባለርስቱ ሐረግ ውስጥ አይገኙም።

ቀደም ሲል ያመሰገንነው የአሜሪካ መዝገብም ከዚህ ነቀፋ አያመልጥም። በ1790ው ቈጠራ የተጻፈው የቤቱ አባወራ ስም ብቻ ነው፤ ባሮች በቍጥር እንጂ በስም አልተመዘገቡም። በ1850ና በ1860 በተለየ ቅጽ ሲመዘገቡ እንኳ ዕድሜያቸውና ጾታቸው ተጽፎ ስማቸው ቀርቷል፤ ከባርነት የወጣው ሕዝብ በሙሉ በስሙ የተመዘገበው በ1870 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ በብዕር፣ በእኛ ደግሞ በቃል ተደረገ እንጂ፣ መዝገብ የሚጠብቀው ንብረት ያለውን ሰው መሆኑ በሁለቱም አገር አንድ ነው።

አሁን ወደ አስቸኳዩ ነገር እንመጣለን። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ መሬትን የሕዝብ ንብረት ሲያደርግ፣ በዘር ቈጥሮ ርስት መጠየቅ ቀረ። የዐዋጁን ፍትሕ መመርመር የሌላ ጽሑፍ ሥራ ነው፤ ለሐረግ ቈጠራ ግን ዋናው ምክንያት በዚያ ቀን ቆመ። በ1989 ዓ.ም. በክልሉ መሬት እንደገና ሲከፋፈል ደግሞ በቀድሞዎቹ ሥርዓቶች ሥልጣን የነበራቸው ሰዎች ይዞታቸው ስለተቀነሰ፣ የትልቅ ሰው ልጅነትን በአደባባይ መናገር የሚያኰራ ብቻ ሳይሆን የሚያስፈራም ሆነ። በዐዋጁ ጊዜ 25 ዓመት ሆኖት በዳኛ ፊት ሐረግ ሲቈጠር የሰማ ሰው ዛሬ ከ70 ዓመት በላይ ነው።

አንድ ምክንያት ግን አልቀረም፤ ይኸውም ጋብቻ ነው። እስከ ሰባት ቤት የሚዛመዱ እንዳይጋቡ ዛሬም ዘር ይቈጠራል። ከዚህ የተነሣ በወጣቶች ዘንድ የሚገኘው ሐረግ ጠባዩ ተለውጧል ብለን እናምናለን፤ ወደ አንድ አቅኚ አባት ሽቅብ የሚወጣ መሆኑ ቀርቶ፣ ዘመድን ከዘመድ ለመለየት ወደ ጎን የሚዘረጋ ሆኗል። ለሰፈራ ታሪክ ይህኛው ያንሳል፤ ስለ እናት ወገን ግን ከፊተኛው ይበልጥ ይናገራል።

ሜዳውም ራሱ ተለውጧል። በደርግ ዘመን በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች ማኅበራት የተጀመረው የሩዝ እርሻ፣ ውኃ የሚተኛበትን መሬት ከግጦሽ ወደ እርሻ አዛውሮታል፤ በመከርና በአረም ጊዜ ከሌላ አገር ሠራተኛ ይመጣል፣ ከመጣውም የሚቀር አለ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የተሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር የባልንም የሚስትንም ስም ስለሚይዝ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ይህን አገር ለሚያጠና ሰው ከማናቸውም ሐረግ የተሻለ ምንጭ ይሆነዋል።

ለዕረፍት ወደ አገሩ የሚሄድ ጓደኛችን ይህን ሥራ ለመጀመር ደብተርና እርሳስ ይበቃዋል። ሲጠይቅ የክርስትናን ስም ከዓለም ስም ለይቶ ይጻፍ፤ ለእያንዳንዱ ስም አጥቢያውንና ታቦቱን ያስከትል፤ አንዱን ሐረግ ከሁለት ሰዎች፣ ይልቁንም ተከራካሪ ከነበሩ ሁለት ወገኖች ይስማ። ልዩነት ሲያገኝ አንዱን መርጦ ሌላውን እንዳይፋቅ፣ ሁለቱንም እንደ ሰማቸው ያስቀምጣቸው። አሮጊቶችን ከሽማግሌዎቹ ለብቻ ይጠይቅ፤ ሽማግሌው የዘለለውን ስም ብዙ ጊዜ የምታስታውሰው አማቲቱ ናት። ከጨረሰም በኋላ ወደ ሐይቁ ዳር ወርዶ ታንኳ ሠሪውን የአያቱን ስም ይጠይቀው።