ገንዘቡ ይግባ፣ ድምፁ ይቅር፦ በውጭ ያሉ ኔፓላውያንና አገራቸው

ኔፓል ስትነሳ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ኤቨረስትን ነው። ያቺን አገር ዛሬ ቀጥ አድርገው የያዟት ግን ከድንበሯ ውጭ ያሉ ልጆቿ ናቸው። የ2021 ቆጠራ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 29 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ሲመዘግብ፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ከቤቱ ርቆ በውጭ አገር እንደሚኖር አሳይቷል። ወደ ሕንድ የሚሻገረው ሰው ቪዛ ስለማይጠየቅ እውነተኛው ቁጥር ከዚህም ሊበልጥ ይችላል። እነዚህ ሰዎች የሚልኩት ገንዘብ ከአገሪቱ ዓመታዊ ምርት ሩብ ገደማ ይሆናል። ስለ ስደተኛና ስለ አገሩ ሲጻፍ ቀድሞ የሚመጣው ናፍቆት ነው፤ በዓሉ፣ ምግቡ፣ ዘፈኑ። ናፍቆቱ እውነት ቢሆንም የኔፓልን ነገር አያስረዳም። በውጭ ያለው ኔፓላዊ የአገሩን ፖለቲካና ባህል በሩቅ ሆኖ የሚመለከት እንግዳ ሆኖ አያውቅም፤ ከመጀመሪያው አንስቶ ከሠሪዎቹ አንዱ ነው። ሕጉ ግን ዛሬም እንደ እንግዳ ይቆጥረዋል።

ማስረጃው በታሪኩ ውስጥ ነው። ከ1846 እስከ 1951 ኔፓልን የገዛው የራና ቤተሰብ ትምህርትንም ማኅበርንም ለሕዝቡ ዘግቶ ስለነበር፣ በአገር ውስጥ ማሰብ ያልተቻለው ሁሉ ድንበር ተሻግሮ ታሰበ። የኔፓልኛ ሥነ ጽሑፍ አባት የሚባለው ባኑባክታ አቻርያ የተረጎመው ራማያና በ1880ዎቹ ለአንባቢ የደረሰው በሞቲራም ባታ ትጋት ሕንድ ውስጥ በባናራስ ታትሞ ነው። በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ቢ. ፒ. ኮይራላ የተወለደው እዚያው ባናራስ ነው። የኔፓል ኮንግረስ ፓርቲ መነሻ የሆነው ድርጅት በ1947፣ የኔፓል ኮሚኒስት ፓርቲ ደግሞ በ1949 የተመሠረቱት በካልካታ ነው፤ ካትማንዱን ለአሥርተ ዓመታት ሲፈራረቁባት የኖሩት ሁለቱ የፖለቲካ ዘሮች ከአንድ የውጭ ከተማ በቀሉ ማለት ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎም ነገሩ አልተለወጠም። የማኦ ተከታይ አማጽያንና ሰባት ፓርቲዎች በንጉሡ ላይ ያበሩበት ባለ 12 ነጥብ ስምምነት በኖቬምበር 2005 የተደረሰው ደልሂ ላይ ነው፤ በ2008 ዘውዱን አውርዶ ሪፐብሊኩን ያቆመው መንገድ የተጀመረው ከዚያ ነው። በሥነ ጽሑፉም እንዲሁ ነው፤ ከዘመናዊው የኔፓልኛ ልብ ወለድ ታላላቅ ስሞች አንዷ የሆነችው ፓሪጃት የዳርጂሊንግ ተወላጅ ናት።

በውጭ ያለው ሕዝብ ግን አንድ ወጥ አይደለም፤ ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተውም ይህን ሲዘነጋ ነው። ከ1815 ጀምሮ ለብሪታኒያ ሲዋጉ የኖሩት የጉርካ ወታደሮች አሉ፤ ቀድመው ጡረታ የወጡት ከረጅም ትግል በኋላ በ2009 በብሪታኒያ የመኖር መብት አገኙ። ለትምህርት ሄደው የቀሩ አሉ፤ በ2021 ቆጠራ አውስትራሊያ ውስጥ ብቻ ከ120 ሺህ በላይ የኔፓል ተወላጆች ተመዝግበዋል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከቡታን ተባርረው በምሥራቅ ኔፓል የመጠለያ ካምፖች የኖሩና አብዛኞቹ አሜሪካ የሰፈሩ፣ ኔፓልኛ ተናጋሪ ሆነው የኔፓል ዜግነት ኖሯቸው የማያውቁ ሰዎችም አሉ። ከሁሉም የሚበዛው ግን በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በማሌዥያ በጊዜያዊ ውል የሚሠራው ወጣት ነው። በባሕረ ሰላጤው፣ የሠራተኛውን ፈቃድ ከአሠሪው ጋር በሚያስረው የካፋላ ሥርዓት ሥር ከእኛ ከኢትዮጵያውያን ልጆች ጋር አንድ ዕጣ የሚጋራው እሱ ነው። ኳታር ወይም ኤምሬትስ ውስጥ አሥር ዓመት ቢሠራ ዜጋ አይሆንም፤ ውሉ ሲያልቅ መድረሻው አገሩ ነው። ይህ ሰው ሲድኒ ቤት ገዝቶ ከተቀመጠው ጋር በአንድ ስም ሲጠራ የሁለቱም ጥያቄ ይድበሰበሳል።

ባህሉን የሚያቆየው ምን እንደሆነ ለማየት የዳሻይንን በዓል ቀረብ ብሎ መመልከት ይበቃል። በዓሉ ሲጀምር ገብስ በአሸዋ ወይም በአፈር ላይ ይዘራና ብርሃን በማይገባበት ክፍል ውሃ እየተረጨ ይበቅላል፤ ጨለማው ቡቃያውን ቢጫ ያደርገዋል። በአሥረኛው ቀን ሽማግሌዎች ሩዝ ከእርጎና ከቀይ ዱቄት ጋር ለውሰው በታናናሾቻቸው ግንባር ላይ ይለጥፋሉ፣ ቡቃያውንም ሰጥተው ይመርቃሉ። ገብሱን የትም አገር፣ በአፓርትመንት ቁም ሣጥን ውስጥም ማብቀል ይቻላል። በርቀት የማይገኘው መራቂው ሽማግሌ ነው፤ ስልኩ ምርቃቱን ያደርሳል፣ እጁን ግን አያደርስም። ደግሞም ባህል ሲሻገር መልካሙ ብቻ ተመርጦ አይሻገርም። ሰውን በትውልዱ ደረጃ የሚከፍለው የካስት ንቀትም አብሮ ተጉዟል። በ2023 ሲያትል በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ከተማ ሆና በካስት ማግለልን በሕግ ስትከለክል፣ ጉዳዩ በዚያ የሚኖሩ የደቡብ እስያ ማኅበረሰቦችን ሁሉ የሚነካ ነበር። ስለዚህ «ባህላችንን ጠብቀናል» የሚለው ኩራት ምኑ እንደተጠበቀ አብሮ መናገር ይኖርበታል።

ወደ ሕጉ ስንመጣ የ2015 ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 14 ከደቡብ እስያ የትብብር ማኅበር አገሮች ውጭ ለሚኖሩ፣ የሌላ አገር ዜግነት ለወሰዱ የኔፓል ተወላጆች የተለየ ዜግነት ፈቅዷል፤ የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብት ይሰጣል፣ የፖለቲካ መብት ግን አይሰጥም። ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ይህ አዲስ አይደለም፤ የእኛው ቢጫ ካርድም የሚከፍተውና የሚዘጋው ተመሳሳይ በር ነው። የሌላ አገር ፓስፖርት ለያዘ ሰው ይህ ወሰን ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። በ2023 መጀመሪያ የኔፓል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፖለቲከኛውን ራቢ ላሚቻኔን ከምክር ቤት መቀመጫው ያነሳው፣ የአሜሪካ ዜግነቱን ትቶ ሲመለስ የኔፓል ዜግነቱን በሥርዓቱ አላስመለሰም ብሎ ነበር፤ ሰውየው ዜግነቱን አስተካክሎ በዚያው ዓመት በማሟያ ምርጫ ተመልሷል። እንዲህ ያለ ጥብቅነት ያስኬዳል። የማያስኬደው ሌላ ነው። በኔፓል ፓስፖርት ዶሃ የሚሠራው የኔፓል ዜጋ መብቱን በወረቀት ላይ ሙሉ በሙሉ እንደያዘ ምርጫ ጣቢያ የለውም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2018 መንግሥት በውጭ ላሉ ዜጎች የምርጫ ሥርዓት እንዲያዘጋጅ አዞ ነበር። የ2022 ምርጫ ሲደረግ ግን ሥርዓቱ አልነበረም።

በሩ ሲዘጋ ድምፁ ሌላ መውጫ ፈለገ። በሴፕቴምበር 2025 መንግሥት 26 የማኅበራዊ ሚዲያ መድረኮችን ሲዘጋ፣ የተነካው የካትማንዱ ወጣት ብቻ አልነበረም፤ ወላጆቹን በዚያው መስመር የሚያገኘው ስደተኛም ነበር። ከእገዳው በፊት የባለሥልጣናት ልጆች የቅንጦት ፎቶ በየስልኩ ሲዞር አጠገቡ የሚለጠፈው ሥራ ፍለጋ አገር ጥሎ የሚሄደው ወጣት ኑሮ ነበር። ሰልፉ ሴፕቴምበር 8 ተነሳ፤ በዚያ ቀን 19 ሰዎች ተገደሉ፣ በማግስቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኦሊ ለቀቁ። ለጊዜያዊው መንግሥት ማን ይሁን የሚለው ክርክር ዲስኮርድ በተባለው የውይይት መድረክ ላይ ከ100 ሺህ በላይ አባላት ባሉት ክፍል ተካሂዶ የቀድሞዋ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሱሺላ ካርኪ ስም ጎልቶ ወጣ፤ ሴፕቴምበር 12 ቃለ መሐላ ፈጸሙ። በዚያ ክፍል ውስጥ የሚናገረው ሰው ማን እንደሆነ፣ ዜጋ ይሁን የውጭ ሰው፣ የሚያጣራ አልነበረም። ብዙዎች ይህን ርቀው ያሉ ሰዎች በፖለቲካ እንዳይገቡ የሚያስጠነቅቅ አድርገው ያነሱታል። እኔ ተቃራኒውን አያለሁ፤ ስምና የዜግነት መታወቂያ የሚታይበት ምርጫ ጣቢያ ቢኖር ማንነቱ ለማይታወቅ ሰው የሚቀረው ቦታ ይጠብ ነበር።

በርትቶ የሚቀርበው ተቃውሞ ውሳኔው የማይነካው ሰው መወሰን የለበትም የሚል ነው። ዜግነት ለቀየረው ሰው ይሠራል። ለውል ሠራተኛው ግን ጨርሶ አይሠራም፤ ሚስቱ ያለችው፣ ልጆቹ የሚማሩት፣ የላከው ገንዘብ ሸቀጥ ሲገዛ ግብር የሚከፈለው ኔፓል ውስጥ ነው። ርቀት ሰውን ያካርራል የሚለውም ከፊል እውነት አለው፤ ዋና ዋናዎቹ ፓርቲዎች በየአገሩ ቅርንጫፍ ስላላቸው ነዋሪ ያልሆኑ ኔፓላውያን ማኅበር ምርጫ ሳይቀር የፓርቲ ሽኩቻ ሆኖ ተከፋፍሏል። ሆኖም ይህ የሆነው ድምፅ በሌለበት ነው። ተጠያቂነት የሌለው ቅርንጫፍ ከሚኖር የሚቆጠር ድምፅ ቢኖር ይሻላል። የባሕረ ሰላጤው መንግሥታት አይፈቅዱም፣ ኤምባሲዎቹም አቅም የላቸውም ለሚለው ደግሞ ፊሊፒንስ መልስ አላት፤ የውጭ ድምፅ አሰጣጥ ሕጓን በ2003 አውጥታ ከ2004 ምርጫ ጀምሮ ዜጎቿ በሪያድና በዱባይ ሳይቀር በኤምባሲዎቿና በቆንስላዎቿ በኩል ይመርጣሉ። ኔፓል ኤምባሲ ባላት ከተማ፣ የሥራ ፈቃድ ይዘው በተመዘገቡት ሠራተኞች፣ ለፓርቲ በሚሰጠው የተመጣጣኝ ውክልና ድምፅ ብቻ ልትጀምር ትችላለች። ሠራተኞቹ ሲወጡ የሚመዘግባቸው መሥሪያ ቤት ስማቸውን አስቀድሞ ይዞታል።