ከመጥበሻ ወደ ሞተር፦ ያገለገለ የምግብ ዘይት ናፍጣን ሲተካ

እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን አንድ አነስተኛ የዲዝል ሞተር በለውዝ ዘይት ሲሠራ ታይቷል። ፈልሳፊው ሩዶልፍ ዲዝል በኋላ እንደጻፈው፣ ሞተሩ ምንም ለውጥ አልተደረገበትም፤ ነገሩን ያስተዋሉትም ጥቂቶች ነበሩ። ዛሬም ከምግብ ቤቶች የሚወጣውን ያገለገለ ዘይት አጣርተው መኪናቸውን የሚነዱ ሰዎች በአሜሪካም በአውሮፓም አሉ። ዘይቱ መንደዱ አያጠያይቅም፤ የሚያጠያይቀው የሞተሩ ዕድሜ ነው።

ችግሩ ከውፍረት ይጀምራል። በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት የምግብ ዘይት ከናፍጣ ዐሥር እጥፍ ያህል ይወፍራል። ነዳጁን እንደ ጉም መበተን የሚገባው ኢንጀክተር ወፍራም ዘይት ሲደርሰው ጠብታ ያደርገዋል፤ ጠብታውም በሙሉ ሳይነድ በኢንጀክተሩ አፍና በፒስተን ቀለበቶች ላይ ጥቀርሻ ሆኖ ይጋገራል።

ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች ሁለት የነዳጅ ማጠራቀሚያ ይገጥማሉ። ሞተሩ በናፍጣ ይነሣል፤ የማቀዝቀዣው ውሃ ሲግል ዘይቱን ወደ 70 ወይም 80 ዲግሪ ያሞቀዋል፤ ወደ ዘይት የሚዞረውም ያን ጊዜ ነው። ሞተሩ ከመጥፋቱ ጥቂት ደቂቃ በፊት ደግሞ ወደ ናፍጣ መመለስ ግድ ነው፤ አለዚያ በቧንቧው የቀረው ዘይት ሌሊቱን በብርድ ይረጋና ጠዋት ሞተሩ አልነሣም ይላል። የምግብ ዘይት ዘግይቶ ስለሚቀጣጠል፣ አንዳንድ መካኒኮች የፖምፓውን የመርጫ ጊዜ በጥቂቱ ያስቀድማሉ። ይህ በግምት የሚሠራ አይደለም፤ ከልክ ካለፈ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት ግን ከዓይን የተሰወረ ነው። ሳይነድ የቀረው የምግብ ዘይት በቀለበቶቹ በኩል ሾልኮ ከሞተር ዘይት ጋር ይቀላቀላል። ናፍጣ ቢሾልክ ከፊሉ በሙቀት ይተናል፤ የምግብ ዘይት ግን አይተንም፤ እየተከማቸ ይወፍራል፣ ውሎ አድሮም እንደ ሙጫ ይሆናል። የሞተር ዘይትን ቶሎ ቶሎ መቀየር ውድ ዕቃ ከመግጠም የሚበልጠው በዚህ ምክንያት ነው። ሰው የሚያወራው ስለ ጭሱ የሳምቡሳ ሽታ ነው፤ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዞ የሚያይ ግን ጥቂት ነው።

ይህን ሁሉ በተሻለ የሚችሉት እንደ መርሰዲስ 300ዲ ያሉ፣ ነዳጁን በቅድመ ማቃጠያ ክፍል የሚረጩ የቀድሞ ሞተሮች ናቸው። ኮመን ሬይል የተባሉት አዳዲሶቹ፣ ግፊታቸው ከ1,000 ባር ስለሚበልጥና የኢንጀክተራቸው ቀዳዳ እጅግ ጠባብ ስለሆነ፣ አይታገሡም። ለእነዚህ የሚቀርበው አማራጭ ሞተሩን ትቶ ዘይቱን መለወጥ ነው፦ ከሜታኖልና ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ሲዋሃድ ዘይቱ ባዮዲዝል ይሆናል፣ ውፍረቱም ወደ ናፍጣ ይቀርባል። ያም ቢሆን አምራቹ የሚፈቅደውን መጠን ማየት ያሻል፤ ሜታኖልም መርዛማና ፈጥኖ የሚቀጣጠል በመሆኑ በወጥ ቤት የሚሞከር ሥራ አይደለም።